የአሥር ጣት ስርቆት

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በግ ይሰረቃል፤ ሞተር ሳይክል ይሰረቃል፤ አንድ ጊዜማ የሰርግ ድንኳን ከነሙሽሮቹ ወንበር ተነቅሎ ሄዷል። ጣት ሲሰረቅ ግን ያ ማክሰኞ የመጀመሪያው ነበር። ለዚያውም አንድ ሁለት ሳይሆን አሥሩም።

ተሰረቅሁ ያሉት ሰው ጣቶቻቸውን እንደያዙ ነው ፖሊስ ጣቢያ የደረሱት። አቶ ዳኘ ላምቦሬ ይባላሉ፤ የሌሞ ገበሬ ናቸው፤ እንሰትና ገብስ አላቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ምራታቸው ወርቅዬ የከዘራቸውን አንድ ጫፍ ይዛ ከፊት ትመራለች፤ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ጨብጠው ከኋላ ይከተላሉ። ኢንስፔክተር ዘርትሁን በመስኮት ስታያቸው “እጃቸውን ብትይዛቸው አይቀልም?” ብላ አሰበች። አሰበችና ረሳችው።

ዘርትሁን ተሰማ አባቷ ከሸዋ የመጡ መምህር ነበሩ፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፖሊስነት አገልግላለች። በሀዲይኛ ሲሰድቧት ጥርት አድርጋ ትሰማለች። ሲለምኗት ግን አስተርጓሚ ትፈልጋለች። አስተርጓሚዋ የአገሩ ልጅ ሳጅን ጁነዲን ነው።

“ምን ተሰረቁ አባ?”

ጁነዲን ተረጎመ። ሽማግሌው አሥር ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

“እነዚህን” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሩቅ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ሆስፒታሉ ውስጥ ሞራ ይገፍፋሉ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገባቸውን ዘግተው ይሄዳሉ፤ ተመልሰው የሚመጡበትን ቀን ደግሞ የሚያውቅ የለም። ተራ ለመያዝ የጤና መድኑ ከዲጂታል መታወቂያ ጋር መያያዝ አለበት። አቶ ዳኘ ዓምና ተመዝግበዋልና ልባቸው ሙሉ ነበር። ጣታቸውን መሣሪያው ላይ ሲያሳርፉ ግን መሣሪያው እኚህ ሰው ዳኘ አይደሉም፣ ሰብስቤ ደጉ መልካሙ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ፣ የተመዘገቡትም ዓምና ኅዳር ሃያ ሁለት ነው አለ። ዳኘ ላምቦሬ የሚባል ሰው እንዲያውም አልተመዘገበም።

“ሰብስቤ የሚባለውን ሰው ያውቁታል?”

“እኔ? መድኃኔ ዓለም ይየው እንጂ አላውቀውም። ባውቀውማ እዚህ ምን አመጣኝ?” አሉና አቶ ዳኘ ያን የማያውቁትን ሰብስቤን መርገም ጀመሩ። ዘሩን፣ ከብቱን፣ የእንሰት ጓሮውን ሳይቀር ረገሙት። ጁነዲን ግማሹን ብቻ ነው የተረጎመው። ሲደክማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ልጄ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። ለመጪው መስቀል ይመጣል። ፊቱን በእጄ ዳስሼ ሳይሆን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።”

ዘርትሁን ሽማግሌውን ውጭ አስቀምጣ ምራቲቱን ለብቻዋ አስገባች። ወርቅዬ ሠላሳ ቢሆናት ነው። ባሏ በሌለበት ሽማግሌውንም ማሳውንም የያዘችው እሷ ናት። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን መርጣ መርጣ ታወጣዋለች።

“የት ተወለድሽ?”

“ከአንጋጫ አለፍ ብሎ፣ ትልቅ ገበያ ያለበት ከተማ።”

“ዳምቦያ?”

“እሱ ነው።”

“እንዲያ አትዪኝም ታዲያ? የባልሽ ቤትስ በየት በኩል ነው?”

“ሽቅቡን ወጥተው፣ ከመንገዱ ጫፍ።”

“የአማትሽ ሙሉ ስም?”

“እሳቸው ቅድም ነግረዋችሁ የለም?”

ነግረዋል። ዘርትሁን ከአቤቱታው ላይ ገለበጠችው።

“ዓምና ሲመዘገቡ አብረሻቸው ነበርሽ?”

“ነበርኩ። አማርኛ አይሆንላቸውም። ሰዉ እንደ ጉድ ነው፤ በያዝነው ፉርኖ ስንውል ስንውል ወደ ማታ ደረሰን።”

“የተሰጣችሁ ወረቀት የት አለ?”

“ዝናብ በላው።”

“ማንን ትጠረጥሪያለሽ?”

ወርቅዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። “ማንንም። ብቻ እባክዎ እትዬ፣ ነገሩ ከፈራጅ ፊት አይድረስ።”

ዘርትሁን ከመምህሩ አባቷ የወረሰችው አንድ አመል አለ፤ ሰው የተናገረውን ቃል ሳታርም አታልፍም። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ “ሽቅብ” ብላ ጻፈችና በቅንፍ “ዳገት” ጨመረች። “ፉርኖ” ጽፋ በቅንፍ “ዳቦ”፣ “ፈራጅ” ጽፋ በቅንፍ “ዳኛ”። ይቺ ሴት አማርኛ የተማረችው ከሰንበት ትምህርት ቤት ይሆናል ብላ ገጹን ገለበጠች።

ዓምና ሰዉን የመዘገበችው ሰብሌ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ዘርትሁን የምዝገባ ጣቢያው ድረስ ሄዳ ጠየቀቻት።

“ሰብስቤ ደጉን ታስታውሺዋለሽ?”

“ኢንስፔክተር፣ ያን ሰሞን በቀን ሁለት መቶ ሰው ነበር የምመዘግበው። ማታ ቤቴ ገብቼ የገዛ ልጄን ‘የአያት ስም?’ ብያታለሁ።”

“የሰውን ጣት በሌላ ሰው ስም መጻፍ ይቻላል?”

“እኔ የምጽፈው የተነገረኝን ነው። መታወቂያ ያለው በመታወቂያው፣ የሌለው በምስክር። ጣት ሰርቄ ምን አደርግበታለሁ? የራሴንስ ጣት መቼ ቻልኩት?”

“እሺ፣ የሰብስቤን ፎቶ አሳዪኝ።”

“እሱን እኔ አላይም። ማየት የሚችለው ፖሊስ ነው፤ በራሱ ዲጂታል መታወቂያ ገብቶ፣ ማንነቱን አረጋግጦ።”

ዘርትሁን እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣች። ስልኩ ፊትዎን ክቡ ውስጥ ያስገቡ አላት፤ አስገባች። ዓይንዎን ያርገብግቡ አላት፤ አርገበገበች። ቀጥሎ ፈገግ ይበሉ አላት።

አሁን ይሄ ምን ይሉታል? ዘርትሁን ከተቀጠረች ጀምሮ በሥራ ሰዓት ጥርሷን ያየ ሰው የለም። ከንፈሯን ወደ ጎን ለጠጠችው። ስልኩ አሰበ፣ አሰበና ፈረደ፦ ሕያው መሆንዎ አልተረጋገጠም።

“ትንሽ ጥርስ ጨምሪበት፣ ኢንስፔክተር” አለ ጁነዲን።

ጨመረች። ሕያው መሆንዎ አልተረጋገጠም። በሦስተኛው ሙከራ ስልኩ የይለፍ ቁጥር እልካለሁ አለ። ቁጥሩ የመጣው ጊዜው ካለፈ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ሰብሌ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምትሠራ ሆነች።

ረቡዕን የበላችው ሞርሲቶ የምትባል ከተማ ናት። ጁነዲን ጠይቆ አጠያይቆ ሞርሲቶ ውስጥ ሰብስቤ ደጉ የሚባል ጡብ ሠሪ አገኘ። በሚኒባስ ተጠቅጥቀው ሄዱ። ሰብስቤ ደጉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ሰብስቤ ግን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።

“ዲጂታል መታወቂያ አለህ?” አለችው ዘርትሁን።

“ከየት አባቴ? ጭቃው ጣቴን በልቶት መሣሪያው ‘ጣት የለህም’ ብሎኛል። አምስት ጊዜ ሄጃለሁ።”

“በስምህ የተመዘገበ ሰው አለ።”

የሰብስቤ ፊት ላይ ብርሃን ወጣ። “ሰብስቤ ደጉ ተብሎ?”

“አዎ። አያቱ ግን መልካሙ ይላል።”

“ተመስገን! ታዲያ ይስጡኛ። አያቴን ያርሙልኝ እንጂ ሌላው የኔው ነው።”

በወንጀል እየጠረጠረችው እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ገባው፤ አልተከፋም። “ሌባውን ስታገኙት አይታሰር፤ እንዴት እንዳስመዘገበው ብቻ ይንገረኝ” ብሎ ሸኛቸው።

ሲመለሱ ዘርትሁን መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደገፈች። ሁለት ቀን ቀርቷል። ፋይል መዝጋት አለመዝጋቱ አላስጨነቃትም፤ ያልተዘጋ ፋይል ሞልቷታል። ያንገበገባት ሽማግሌው ጣታቸውን የዘረጉበት አዘረጋግ ነው። እንጀራ እንደሚለምን ሰው ነበር የዘረጉት።

ሐሙስ ጠዋት ዮሲን አስጠራችው። ዮሲ ከምዝገባ ጣቢያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። በሩ ላይ “ማንኛውንም የኦንላይን ጉዳይ በአንድ ጀምበር እናስፈጽማለን” ይላል። የሰው ጉርድ ፎቶ በመሳቢያ ሙሉ፣ የሰው የይለፍ ቁጥር በደብተር ሙሉ ነው ያለው። ከእሱ የተሻለ ተጠርጣሪ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ አይገኝም።

“የሌላ ሰው ስም አስገብተህ ታስመዘግባለህ” አለችው ዘርትሁን።

“እኔ ቅጽ እሞላለሁ። መንግሥት የጠየቀውን ሰው አይችለውም፤ ሰው የሚፈልገውን መንግሥት አይገባውም። መሐል ላይ ቆሜ ላብ በላብ የምሆነው እኔ ነኝ።”

“ሥነ ቃልህን ተወው። ዓምና ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን፣ ሰብስቤ ደጉ የተመዘገበ ዕለት፣ የት ነበርክ?”

ዮሲ ጣቱን ቆጠረ። ኮርኒሱን አየ። ከዚያ በጣም ረጋ ብሎ፣

“እርስዎ ዘንድ” አለ።

“እኔ ዘንድ ምን?”

“ታስሬ ነዋ። ከሃያ እስከ ሃያ አራት። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሰሩኝ፤ ሱሪ መታጠቂያዬን እንኳ እስካሁን አልመለሱልኝም።”

ዘርትሁን ወደ ጁነዲን ዞረች። ጁነዲን ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዮሲ ደግሞ ለማስረጃ ብሎ ሱሪውን በሲባጎ ማሰሩን አሳያት። ያኔ ዘርትሁንን ሳቅ አመለጣት። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ወጣ፣ ቀጥሎ በአፏ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ጁነዲን ዕድል አያመልጠውም። የኢንስፔክተሯን ስልክ አፈፍ አድርጎ ፊቷ ላይ ደገነው። ስልኩ አንዴ ጮኸ። ማንነትዎ ተረጋግጧል።

የሰብስቤ ደጉ መልካሙ ማኅደር ተከፈተ። ሦስቱም ተንጠራርተው አዩ። ነጭ ጢም፣ የተጋረዱ ዓይኖች፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ጋቢ። አቶ ዳኘ ናቸው።

የዘርትሁን ሳቅ ደረቀ። ጣት የሰረቀው የጣቱ ባለቤት ሆኖ አረፈው። ባለቤቱ ሲረግሙት የከረሙት ሌባ ራሳቸው ናቸው። ማኅደሩ በምስክር የተመዘገበ ይላል፤ የምስክሩ ቦታ ላይ ግን የአውራ ጣት ምልክት እንጂ ስም የለም።

“ሽማግሌው ሁለተኛ ስም አውጥተው ይሆን?” አለ ጁነዲን። “መሬት ለመደበቅ፣ ወይ ሌላ ሚስት…”

“በሰባ አንድ ዓመታቸው?”

“ኢንስፔክተር፣ አጎቴን አታውቂያቸውም።”

ከሰዓት በኋላ ጋሪ ይዘው ወደ ሌሞ ወጡ። ፈረሱ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ባለጋሪው ወርዶ መግፋት ጀመረ፤ ጁነዲንም ወረደ። ዘርትሁን ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የማክሰኞውን ቃል እንደገና አነበበች። ወርቅዬ ያለችውን ሳይሆን እሷ ራሷ ያረመችውን። ዳምቦያ። ዳገት። ዳቦ። ዳኛ። ፈረሱ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ዘርትሁን ዓይኗን ወደ ገጹ አናት አነሣች፤ እዚያ በትልቁ “ዳኘ” ተብሎ ተጽፏል።

“ጁነዲን!” አለች። “ሴት ልጅ የአማቷን ስም ብትጠራ እዚህ አገር ምን ይሆናል?”

ጁነዲን ጋሪውን መግፋቱን ተወ። “ኧረ አትጠራም። ነውር ነው። ስሙን ብቻም አይደል፤ በስሙ መነሻ የሚነሣውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች። እጁን አትነካም፣ ዓይኑን አታይም። የድሮ ሴቶች ናቸው አጥብቀው የሚይዙት። ከምባታዎች ባሊሻ ይሉታል። እናቴ ራሷ…” አለና ግንባሩን በመዳፉ መታው። “ከዘራው! በከዘራ እኮ ነው የምትመራቸው!”

“አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት አላየኸውም?”

“እኔ ወንድ ነኝ። በምን ዕዳዬ ልየው?”

ወርቅዬ ጓሮ ውስጥ እንሰት ትፍቅ ነበር። አቶ ዳኘ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዘርትሁን አጠገቧ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ሲያዩአት ፖሊስ አትመስልም ነበር።

“ወርቅዬ፣ ዓምና መዝጋቢዋ ‘ስማቸው ማን ነው’ ብላ የጠየቀችው አንቺን ነው አይደል?”

ወርቅዬ መፋቂያውን አስቀመጠች። አልካደችም።

“እኔን ነው። መታወቂያቸውን አይጥ በልቶት ስለነበር ምስክር ሁኚ አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ስኖር ስማቸው ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ከኋላዬ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተሰልፏል፤ ልጅቷ ‘ቶሎ በዪ’ ትለኛለች፤ እሳቸው ወዲያ ፎቶ ይነሣሉ። ብጠራቸው የእናት የአባቴ ቤት ይሰደባል፣ ያላሳደጓት ይሉኛል። ጎረቤት ጋ ስለ እሳቸው ሳወራ ሰብስቤ ነው የምላቸው፤ የተጣላ ሰብስበው ያስታርቃሉና። እሱኑ አልኳት። ‘የአባት ስም?’ አለችኝ። የእሳቸውም አባት ያው አማት ናቸው። ደጉ አልኩ። ለአያቱም መልካሙ።”

“መሣሪያው ይህን እንዴት ይወቀው?”

“ሰፈሩ ሁሉ ሰብስቤ ስል ማንን እንደምል ያውቃል። እሱም ከመንግሥት የመጣ ነው፣ አይጠፋውም ብዬ።”

“እሺ፣ ማክሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ? ሰብስቤ አይደሉም ስል፣ ታዲያ ማን ናቸው አይሉኝም?”

በሩ ላይ ጁነዲን ለሽማግሌው ሁሉን ተርጉሞ ጨርሶ ነበር።

“ሰብስቤ አለችኝ?” አሉ አቶ ዳኘ። “ደጉ? መልካሙ?”

“አዎ አባ።”

“ወይ ጉድ። ሦስት ቀን ሙሉ ስረግም የከረምኩት የገዛ ከብቴን ነዋ።”

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ምዝገባ ጣቢያው ደረሱ፤ መብራት መጥቶ ሥራ የተጀመረው ዘጠኝ ተኩል ነው። ዘርትሁን ለሰብሌ ነገሩን አስረድታ “ስማቸውን አርሚላቸውና እንሂድ” አለቻት። ሰብሌ መመሪያውን አወጣች። ፊቷ ላይ ሐዘን ነበረ።

“በምስክር የተመዘገበ የሚታረመው በዚያው ምስክር ነው። የአውራ ጣቷን ትሰጣለች፤ ከዚያ ትክክለኛውን ስም በራሷ ድምፅ ትናገራለች። ይቀዳል።”

“ጽፋ ብትሰጥስ?”

“በድምፅ ነው የሚለው።”

“እኔ ስሙን ስጠራ ራሷን ብትነቀንቅ?”

“ኢንስፔክተር፣ ሲስተሙ ራስ መነቅነቅ አይሰማም።”

“እሳቸው ራሳቸው አሉ እኮ! ስማቸውን ራሳቸው ይናገሩ!”

“እሳቸው በሲስተሙ ሰብስቤ ናቸው። ሰብስቤ ስለ ዳኘ መመስከር አይችሉም።”

ዘርትሁን ብዙ ወንጀለኛ አይታለች፤ በጥፊ ለመምታት እጇን እንደዚያን ቀን የበላት ጊዜ ግን የለም። የምትመታው ሰው ደግሞ የለም። ሰብሌ ራሷ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሊሆን ምን ቀረው።

ጁነዲን ነገሩን ለሽማግሌው በሹክሹክታ ነገራቸው። አቶ ዳኘ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱ።

“ወደ ቤት ውሰዱኝ” አሉ። “ይቺ ልጅ ልጄ ትቶኝ ሲሄድ አልተወችኝም። ዘጠኝ ዓመት አክብራኛለች። ለአንድ መሣሪያ ብላ በሰው ፊት አትዋረድም። ዓይኔ ይቅር።”

ተነሡና የከዘራውን ጫፍ ወደ አየር ዘረጉ፤ ትያዘኝ ብለው። ማንም አልያዘውም። ጁነዲን የተናገሩትን ወደ አማርኛ እየመለሰ ነበር፤ ወርቅዬ ግን ሀዲይኛውንም አጥርታ ትሰማለች። ወርቅዬ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ነጠላዋን ከራሷ እስከ አገጯ አውርዳ፣ አውራ ጣቷን ወደ ኋላ ለሰብሌ ሰጥታ፣ ግንባሯን የተላጠው ቀለም ላይ አሳርፋለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

“ዳኘ” አለች። “ዳኘ ላምቦሬ ኤርሲዶ።”

ተሰልፎ ጫጫታ ሲያነሣ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አንዲት አሮጊት ከወረፋው ውስጥ አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌው ከዘራውን እንደዘረጉ ደርቀው ቀሩ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር የሚለይ አልነበረም።

“ይቅርታ” አለች ሰብሌ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። “ኔትወርክ ሄዶ ነበር። አልቀዳም።”

ጁነዲን በሀዲይኛ የሆነ ነገር አለ። ያን ጊዜ ዘርትሁን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ወርቅዬ ከግድግዳው ሳትዞር፣ በዚህኛው ጊዜ ሳትንቀጠቀጥ፣ እስከ በሩ በሚሰማ ድምፅ ደገመችው። ሰብሌ ቁልፉን ተጫነች። ሰብስቤ ደጉ መልካሙ ጠፋ፤ ዳኘ ላምቦሬ ኤርሲዶ ተወለደ።

ባጃጅ ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ገሠገሡ። አቶ ዳኘ በአንዱ ጥግ ከዘራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወርቅዬ በሌላው ጥግ ነጠላዋ ውስጥ ታለቅሳለች። “ተቀየሙኝ” አለች ለዘርትሁን በሹክሹክታ፤ “ቃል አልወጣቸውም። ከእንግዲህ በምን ፊቴ እዚያ ቤት እገባለሁ?” ዘርትሁን ማባበል አታውቅበትም። እጇን ያዘቻትና ባለባጃጁን “ንዳው እንጂ!” ብላ ጮኸችበት።

ሆስፒታሉ ደጃፍ ሲደርሱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። መድኑ ተያያዘ፤ ጣታቸው ዳኘ አለ፤ ወረቀቱ ገባ። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ሲስተር ሙሉመቤት የተባለች ነርስ ዝርዝሩን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች።

“ዳኘ ላምቦሬ!”

አቶ ዳኘ አልተንቀሳቀሱም።

“ዳኘ ላምቦሬ! የመጨረሻው ሰው ናቸው፣ ሐኪሙ ጓንት አድርጎ ነው የሚጠብቀው። የሉም?”

“አባ፣ እርስዎን ነው” አለ ጁነዲን በሀዲይኛ፣ ክርናቸውን ነካ አድርጎ። ሽማግሌው አንድ ሁለት ቃል መለሱለት። ጁነዲን ሰማቸው፣ ደግሞ ጠየቃቸው፣ ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሴቶቹ ዞረ።

“እሷ ካልጠራችኝ አልሰማም ይላሉ።”

“ማን?” አለች ነርሷ።

አቶ ዳኘ በከዘራቸው ልቅሶው ወደሚሰማበት ጥግ አመለከቱ።

ወርቅዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ዘርትሁንን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ከዚያ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ቀጥታ ወደ አማቷ አዞረች።

“አባ ዳኘ” አለች።

“አቤት” አሉ ሽማግሌው፣ ተነሥተው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።